የፕላስተሩ ጫፍ በእንግሊዝኛ

ጎኔን እንኳ ሳላሳርፍ ያየሁት ሕልም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ካርቶን ያሸግሁበት መጋዘን ተገልብጦ ቆሟል። «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለውን ምልክት አንዱ ዘቅዝቆ ለጥፎበት ኖሮ ጣሪያው ወለል ሆኗል፤ ካርቶኖቹም ሰው ያሽጋሉ። አለቃችን ጋሽ ዘርጋው ከእግራቸው እስከ አንገታቸው በፕላስተር ተጠቅልለው ተጋድመዋል።

«ትርንጎ ልጄ፣ ጫፉን ፈልጊልኝ! ትንፋሽ አጠረኝ!»

እኛ ፕላስተር ከቆረጥን ጫፉን ለሚቀጥለው ሰው አጥፈን ነው የምናስቀምጠው። ካርቶን ይህን ወግ ከየት ያውቀዋል! ቢሆንም ይቺማ ለእኔ ምን አላት ብዬ ጥፍሬን ሳስጠጋ ፕላስተሩ ጮኸ።

«በእንግሊዝኛ ካልሆነ አልላቀቅም!»

አበስኩ ገበርኩ! ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የምፈተነውም ይህንኑ ነው፤ የፕላስተር ጫፍ እንዴት እንደሚገኝ በእንግሊዝኛ ማስረዳት። ከወደቅሁ ከሥራ መሰናበቴ ነው። ቃል ስመርጥ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አሁን ግን እልህ ያዘኝ።

«እሺ፣ ቃል ይምጣ!» አልኩ።

መጡ። የእንግሊዝኛ ቃላት ማስረጃቸውን ይዘው እኔን ደጅ ጠኑ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ።

ከረባት ያሰረው ፋይንድ ቀድሞ ገባ።

«እኔ የምጠራው ከተገኘ በኋላ ነው፤ ፍለጋው ውስጥ የለሁበትም» አለ።

«ታዲያ ምን ታደርግልኛለህ? ቀጣይ!»

ሰርች ባትሪ እያበራ ገባና ፕላስተሩን ትቶ የእኔን ኪስ በረበረ። አስወጣሁት። ዲስከቨር ደግሞ ባንዲራውን ጋሽ ዘርጋው ሆድ ላይ ሊተክል ቃጣው።

«ኧረ ተው፣ ባለቤት አላቸው!» አልኩት።

ፕላስተሩ የጋሽ ዘርጋው አገጭ ደርሷል። አንጀቴን በሉት። ተነሥቼ ሰልፉን በሙሉ ጠየቅሁ።

«ከእናንተ ውስጥ ጥፍር ያለው ማነው?»

ሁሉም እጃቸውን ደበቁ። ከሰልፉ ጭራ አንዲት ማስረጃ የሌላት ቃል አውራ ጣቷን አነሣች። ፊል ናት፤ ዳሰስ አድርጎ ማወቅ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። «ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ጥፍርሽ የተደናቀፈበት ቦታ፣ እዚያ ነው።»

ለካ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራው የኖርኩት ነው! ጨፈንኩ። አዞርኩ። ጥፍሬ ተደናቀፈ። ላነሣው ስል...

«እህቴ! እህቴ!»

ነቃሁ። የፈተናው ክፍል ወንበር ላይ ነኝ። ፈታኙ ላብ አጥምቋቸው፣ ከረባታቸው ወደ ጎን ዞሮ፣ የፈተናውን እሽግ ያገላብጣሉ። ትናንት «ማንም እንዳይከፍተው» ተብዬ ያሸግሁት ነው፤ ጫፉንም ለማንም አላጠፍኩም። በቁልፍም በጥርስም ሞክረውታል።

«እህቴ፣ ጥፍር አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ» አልኩ። «ግን በእንግሊዝኛ ይጠይቁኝ።»