ስድስት ለባዶ በአሮጌ ጆይስቲክ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሦስተኛው ፎቅ ሳሎን ውስጥ፣ ክቡርነታቸው ከሶፋው ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ቤት ጉሮሮ ከተጠረገ ንግግር አለ ማለት ነው፤ ንግግር ካለ ደግሞ ሻይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ስኒዎቹን አንድ በአንድ በሳህን ከደነቻቸው።

ክቡርነታቸው የወጣላቸው ስም ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ሹም ሆነው የሌላውን ሰው ክቡርነት ሲያስተዋውቁ ነው የኖሩት። ጡረታ የወጡ ዕለት ወንበሩን ለመሥሪያ ቤቱ አስረከቡ፤ ንግግሩን ግን ይዘውት ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አምፖል ሲቀየር የመክፈቻ ንግግር ይደረግ ነበር። ፍሪጁ የተጠገነ ጊዜማ ከእጀታው ላይ ሪባን አስረው በወጥ ቤት መቀስ ቆርጠው መርቀውታል። በዚያ መቀስ ሽንኩርት ይከተፍበት ስለነበር በምረቃው ላይ የተገኙት ሁለቱ ታዳሚዎች፣ ማለትም ሚስትና ልጅ፣ እንባቸውን አብሰዋል፤ ክቡርነታቸው ይህንን የስሜት መነካት ምልክት አድርገው ወስደውታል።

የዚያን ቅዳሜ ጉዳይ ግን ከፍሪጅም በላይ ነበር። ፋርማሲስት የሆነችው አንዲት ልጃቸው ልታገባው የቆረጠችውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛ መጥታለች። በዚያ ቤት ደግሞ ልጅ ልትዳር ስትል ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም፤ ደሞዙም አይጠየቅም። ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና በቤቱ አሮጌ ጆይስቲክ ከክቡርነታቸው ጋር እግር ኳስ ይጫወታል። የጌም ማሽኑ አዲስ ነው፤ ልጅቷ ራሷ ነች የገዛችላቸው። ከማሽኑ ጋር የመጡትን ሁለት አዳዲስ ጆይስቲኮች ግን ክቡርነታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። “ለእንግዳ” ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ የሚወጡት እነዚያው ልጅቷ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳለች የተገዙት ሁለቱ አሮጌዎች ናቸው።

ይህ ፈተና ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት የመጣው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጆይስቲኩን አገላብጦ አየና “አባባ፣ ሙዚየም አይረከብዎትም?” ብሎ ሳቀ። ክቡርነታቸው አብረውት ሳቁ። ቀጥለው ኮቱን ራሳቸው አለበሱት፣ በሩን ከፈቱለት፣ ስለመምጣቱ አመሰገኑት። ሰውየው መባረሩን የተረዳው አንደኛ ፎቅ ከደረሰ በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት ፋርማሲስቷ የዛሬውን ሰው ደረጃው ላይ አቁማ አሰልጥናው ነበር።

“ስማ፣ ጆይስቲኩ ጥሩ ነው ትላለህ።”

“ጥሩ ነው እንዴ?”

“ጥሩ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም። ጥሩ ነው ትላለህ።”

“ካልሆነስ?”

“ትወደኛለህ አትወደኝም?”

“እወድሻለሁ።”

“በቃ! ልክ በዚህ ድምፅ ስለ ጆይስቲኩ ተናገር።”

ሰውየው የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። እሷ ግን አላመነችውም፤ ምክንያቱም ታውቀዋለች። ሥራው መንጃ ፈቃድ መፈተን ነው። ቀኑን ሙሉ ከተፈታኝ ጎን ተቀምጦ፣ መኪናው የእግረኛ መንገድ ሲወጣ፣ አጥር ሲታከክ፣ ፊቱ አይለዋወጥም፤ መኪናው ግድግዳ ጋ ሲቆም ብቻ በለሰለሰ ድምፅ “ወድቀዋል፣ ሌላ ጊዜ ይሞክሩ” ይላል። የገዛ አጎቱን በፈተና ጥሏል። አከራዩን ጥሎ በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ቤት ፍለጋ ወጥቷል። እሷ የወደደችው ይህንን ቀጥተኛነቱን ነበር። አሁን እዚያ ደረጃ ላይ ሆና ስታስበው፣ ሰው ምን ነክቶት እንዲህ ያለ ጠባይ ይወድዳል አለች በልቧ።

ክቡርነታቸው ንግግራቸውን ጀመሩ።

“የተከበርክ እንግዳችን፣ የተከበርሽ ባለቤቴ፣ የተከበርሽ ልጄ። ዛሬ እዚህ የተሰባሰብንበት ዋነኛ ዓላማ የቀድሞው ትውልድ ጆይስቲክ አሁን ባለንበት ነባራዊ ሁኔታ ያለውን ብቃትና አስተማማኝነት በተግባር ለማረጋገጥ ይሆናል።”

“ልጫወት ነው ማለቱ ነው” አለች ሚስታቸው ለእንግዳው።

ክቡርነታቸው አልሰሙም። የጆይስቲኩን መልካም ጎኖች ዘረዘሩ። ባትሪ አይፈልግም፤ ገመድ ነውና። እውነት ነው። ገመዱ ከማጠሩ የተነሣ ተጫዋቹ ጉልበቱን ከቴሌቪዥኑ ጋር አስነክቶ ስለሚቀመጥ ከሜዳው የሚታየው የበረኛው ቁርጭምጭሚት ብቻ መሆኑን ግን ለመጥቀስ ጊዜ አልበቃም። ጠንካራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከበረንዳ ወድቆ ምንም አልሆነም። የታችኛው ጎረቤት የአበባ ማሰሮ ነው የሆነው። ማዕዘኑ ሹል ስለሆነ መዳፍን ይወጋል፤ ይህም ተጫዋቹን ንቁ ያደርገዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአቅጣጫ መስጫዋ ሌላ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።

“ፈጣሪ ለሰው ሁለት አውራ ጣት ሰጠው” አሉ ክቡርነታቸው ጣቶቻቸውን አንሥተው። “ታዲያ ስምንት ቁልፍ ለምን አስፈለገ? ማንን ለማስደሰት?”

ፍርድ እንዳይዛባ፣ ጆይስቲኩ በገዛ ዘመኑ ጨዋታ የሚታማ አልነበረም። ያ ጉድጓድ ለጉድጓድ የሚዘለልበት የጥንቱ ጨዋታ ሲከፈት፣ ለአራቱ አቅጣጫ የተሠራችው መስቀለኛ ቁልፍ ከአዲሶቹ ሁሉ ትበልጣለች፤ ፋርማሲስቷ ራሷ ዓይኗን ጨፍና ሦስት ጉድጓድ ትዘልባታለች። የዛሬው እግር ኳስ ግን ሌላ ነው። ማቀበያ ቁልፍ አለው፣ መሮጫ አለው፣ መምቻ አለው፣ ሌላም ሌላም። ሁለት ቁልፍ ባለው ጆይስቲክ ማቀበልና መሮጥ ይቻላል። ጎል መምታት ለፈጣሪ የተተወ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። የመንጃ ፈቃድ ፈታኙ ተጫዋቾች ሮጡ፣ ተቀባበሉ፣ አለፉ፣ ጎሉ አፍ ደረሱ፤ መምቻ ስለሌላቸው ኳሷን እንደ አደራ ዕቃ ወስደው ለበረኛው አስረከቡት። ተመልሰው መጡ፤ አሁንም አስረከቡት።

የክቡርነታቸው ቡድን ግን የተለየ ነበር። ከመሐል ሜዳ መትቶ አገባ። በበረኛው አናት ላይ አሻግሮ አገባ። ሦስተኛው በመቀስ ምት ነበር፤ ተጫዋቹ አየር ላይ ተገልብጦ ኳሷን ሲልካት ክቡርነታቸው ራሳቸው ወደኋላ ሸሹ።

“አየህ?” አሉ ሲረጋጉ። “ቁልፉ እጄን ያውቀዋል።”

“መቀሱን በየትኛው ቁልፍ ነው የመቱት፣ ጋሼ?” አለ ፈታኙ።

“በልምድ” አሉ ክቡርነታቸው።

አራተኛው ጎል ሲገባ ክቡርነታቸው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር። ይህ አመራራቸው የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል፤ ተራ ሰው ጣቱን ካላንቀሳቀሰ ጎል አይገባለትም። “ጥሩ ጆይስቲክ የታዘዘውን አይረሳም” ብለው አስረዱ። አምስተኛው ሲገባ በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው ብስኩት ይዘው ነበር። ጆይስቲኩ ጭናቸው ላይ እንደ ድመት ተኝቷል።

ከኋላ የተቀመጠችው ፋርማሲስት እስከዚያ ድረስ በአባቷ ኮርታ ነበር። ብስኩቱን ስታይ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ዓይኗን ከጆይስቲኩ አስነሥታ ገመዱን ተከተለችው። ገመዱ ከጭናቸው ወረደ፣ በቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር አለፈ፣ ምንጣፉ ላይ ደረሰና ጫፉን አንጋሎ ተኛ። ማሽኑ ላይ እሱ ሊሰካበት የሚገባው ቀዳዳ ባዶ አልነበረም። ነጭ የቻርጀር ሽቦ ተሰክቶበታል፤ ከሽቦው ጫፍ ላይ የእናቷ ስልክ አለ።

እናቷን በክንዷ ይዛ ወጥ ቤት አስገባቻት።

“እማዬ! የአባዬን ጆይስቲክ ነቅለሽ ስልክሽን ሰክተሻል!”

“ንግግር ላይ እያለ ነው የሰካሁት። ስልኬ ልትሞት ነበራ!”

“ሌላ ቀዳዳ አጣሽ?”

“ሌላኛው የእንግዳው ነው። እንግዳ ይነቀላል እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ያደርገኛል?”

“እኮ ማሽኑ አንድ ጆይስቲክ ብቻ ሲያገኝ የአባዬን ቡድን ራሱ ያጫውተዋል! ያ ሁሉ ጎል የማሽኑ ነው።”

“እኔም ገርሞኛል፤ ለሃያ ዓመት አንድ ጎል ሲያገባ አይቼው አላውቅም።”

“መልሼ ልሰካው?”

እናቷ ደነገጠች። “አብደሻል? አምስት ለባዶ እየመራ! ብትሰኪው እኮ ይሸነፋል።”

ልጅቷ ስልኩን ሳትነካ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ስትገባ የፈታኙ ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም። ምንጣፉ ላይ ነበር። የገመዱን ጫፍ እያየ ነው፤ ፊቱም ያንን መኪና ግድግዳ ጋ ሲቆም የሚይዘውን እርጋታ ይዟል። ራሷን ነቀነቀችለት፤ አይሆንም። ቅንድቡን አነሣ። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለመነችው። በዚህ መሐል ስድስተኛው ጎል ገባ፤ ፊሽካም ተነፋ።

ክቡርነታቸው ተነሡ። ጉሮሮ ተጠረገ።

“የሙከራው ውጤት ስድስት ለባዶ በሆነ አብላጫ ተጠናቋል። አሁን የተከበረው እንግዳችን ስለ ጆይስቲኩ ያለውን ነፃና ገንቢ አስተያየት እንዲሰጥ መድረኩን ለቅቄለታለሁ።”

መድረኩ ምንጣፍ ነበር። ፈታኙ ተነሣ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

“የእኔኛው ጆይስቲክ መስቀለኛ ቁልፉ እንደ አዲስ ነው፣ ጋሼ” አለ። “እንዲህ ያለ ቁልፍ ዛሬ አይሠሩም። ጎል መምቻ ግን የለውም። ለዛሬ ጨዋታ አይበቃም።”

“እሺ” አሉ ክቡርነታቸው ብስኩት እየቆረጠሙ። “የእኔስ?”

“የእርስዎ አልተሰካም።”

ፍሪጁ ሲያጓራ ተሰማ። ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው ገመዱን ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ሳቡት፤ ጫፉ ያለ ምንም ተቃውሞ መጥቶ እጃቸው ላይ ቁጭ አለ። ሳይጋበዝ እንደመጣ ልዑክ ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጀመሪያው።”

“ስድስቱም?”

“ስድስቱም።”

“መቀሱም?”

“መቀሱም፣ ጋሼ።”

ልጅቷ አባቷ ወደ ኮት መስቀያው ሲያዩ አየች። አንገታቸው ቀልቷል። አሁን ኮቱን አንሥተው “ስለመጣህ እናመሰግናለን” ካሉ ነገሩ አበቃ፤ እሷም በልቧ ከዚህ ሰው ሌላ የምታገባው አልነበራትም። “አባዬ፣ እሱ እኮ…” ብላ ጀመረች። ምን ትበል? ዋሽቶ ነው አይባል።

ክቡርነታቸው ገመዱን አንዴ፣ ጆይስቲኩን አንዴ አዩ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ በቀስ፣ ከግንባራቸው ጀምሮ፣ በራ።

“ቆይ” አሉ። “ቆይ፣ ቆይ። ሳይሰካ ነው ስድስት ያገባው?”

“እሱማ ማሽኑ…” አለ ፈታኙ።

“ሳይሰካ!” ድምፃቸው ለትልቅ አዳራሽ የሚበቃ ሆነ። “የተከበራችሁ ታዳሚዎች! የዛሬዎቹ አምራቾች ገመድ አልባ ሠራን ብለው ይኩራራሉ። ይህ ጆይስቲክ ከሃያ ዓመት በፊት ገመድ አልባ ነበር! እኛ ነን ሳናውቅ ስንሰካው የኖርነው። ለዚያ ነበር እሸነፍ የነበረው፤ ገመዱ ነው የያዘኝ!”

“አባዬ…” አለች ልጅቷ።

“ዝም በይ፣ ልጄ። እስከዛሬ እዚህ ቤት የመጣ ሁሉ ወይ አሞገሰው ወይ ሳቀበት። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያየ ሰው ይህ ብቻ ነው።” ወደ ፈታኙ ሄደው በሁለት እጃቸው እጁን ጨበጡት። “እንዲህ ዓይነት ተመራማሪ ነው የምፈልገው። ባለቤቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?”

“ስልኬ ሞልታለች” አለች ሚስታቸው።

“ቤተሰቡ በሙሉ ድምፅ ደግፏል!”

ፈታኙ ሊያርም አፉን ሲከፍት ፋርማሲስቷ ብስኩት አጎረሰችው። ሁለተኛ ሲሞክር ሁለተኛ አጎረሰችው። ሦስተኛው ላይ ማኘኩን መረጠ።

ሠርጉ በሚያዝያ ተደረገ። ክቡርነታቸው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ ከምሳ በኋላ በየቀኑ ይጫወቱ ነበር፤ ገመዱን አንድም ቀን አልሰኩትም፣ ብዙም አልተሸነፉም።