ስለ ክቡር ሚስተር ዴልበርት የመጀመሪያ የዳክዬ አደን የቀረበ ምስጋና

ታላላቅ ሰዎች ታላላቅ ሥራዎችን የሚደፍሩት ስለማያውቋቸው ነው። የሚያውቅማ ይፈራል። ስለዚህም የሰላጤያችን ዳርቻ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ክቡር ሚስተር ዴልበርት ክራምሊ፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ ጠመንጃ ጨብጠው ሳያውቁ፣ ዳክዬንም ከሳህን ላይ በቀር በቅርብ ሳያዩ፣ የታኅሣሡን አደን ሊመሩ መነሣታቸውን ስሰማ አልተገረምኩም። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊያቸው ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ መገረሜን ጨርሼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበላይ አለቃችን ሚስስ ጆርጂን ታትል ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ወንበሩን ለማን እንደሚተዉት ገና አልወሰኑም። ሴትዮዋ ከልጅነታቸው ጀምረው ዳክዬ ሲያድኑ የኖሩ ናቸው። ታዲያ የእኛው ሰው አንድ ምሳ ላይ፣ "እኔም እኮ ዳክዬ ስጥል ነው ያደግሁት" ብለው ጣል አደረጉ። በእኛ በቴክሳስ ጠረፍ ዳክዬ አድኜ አላውቅም ማለት እናቴን አላውቃትም እንደ ማለት ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ሚስስ ታትል ግን፣ "እሰይ! እንግዲያው ረቡዕ በእርስዎ ሰላጤ!" አሉና ጉድ ፈላ።

በማግስቱ "የአደን ዝግጅት አብይ ኮሚቴ" ተቋቋመ። ሚስተር ዴልበርት ቢሯቸውን ዘግተው የዳክዬ መጥሪያ ፊሽካ ሲለማመዱ ሰነበቱ። ድምፁ የታመመ ፍየል ድምፅ ነበር። የክፍል ኃላፊዎች ግን ተራ በተራ በሩን እያንኳኩ፣ "ጌታዬ፣ ዳክዬ የገባ መስሎን ደነገጥን!" እያሉ ይመለሱ ነበር። አንዱ እንዲያውም በዚሁ ምክንያት እድገት አገኘ።

ከዚያ የእንጨት ዳክዬዎቹ ጉዳይ መጣ። እውነተኞቹን ከሰማይ አታልሎ ለማውረድ የእንጨት ዳክዬ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ለማሳየት የተጠሩት የሰላጤው አንጋፋ አዳኝ፣ ዶን ኤውላልዮ ካንቱ ነበሩ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በሰላጤው ላይ ስንት ሰው መርተዋል።

"እንዲህ በተን በተን ይደረጋሉ" አሉ ዶን ኤውላልዮ፣ ምንጣፉ ላይ እየደረደሩ። "መሐሉ ባዶ ይተዋል። የሚመጡት የሚያርፉት እዚያ ነው።"

"ባዶ?" አሉ ሚስተር ዴልበርት። "በእኔ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ መደብ የለም! ይሞላ! ደግሞ ምን ማለት ነው በተን በተን? በየደረጃቸው ይሰለፉ።"

"ዳክዬ ሰልፍ አያውቅም እኮ፣ ጌታዬ።"

"ይማራ!"

ሁለት መቶ የእንጨት ዳክዬ በዐሥር መስመር እንዲሰለፍ፣ ከፊትም አንገቱ ላይ ወርቃማ ቀለበት የተቀባ አንድ ትልቅ ዳክዬ ሊቀ መንበር ሆኖ እንዲቀመጥ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው። የእኔም እጅ ወጥቷል።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ስቄ እተወው ነበር። ነገር ግን ሚስተር ዴልበርት በመስኮት ወደ ሰላጤው በርቀት መነጽር ሲመለከቱ፣ መሐል ላይ፣ ከውሃው ብቅ ካለ የዛጎል ክምር በላይ፣ በእንጨት ቋሚዎች ላይ የቆመች አሮጌ ጎጆ አዩ። የዶን ኤውላልዮ ናት። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ከሟች ባለቤታቸው ከዶኛ ሬፉሂያ ጋር በገዛ እጃቸው የሠሯት ናት። በውስጧ ባለው ምድጃ ያልሞቀ ዓሣ አጥማጅ በከተማችን የለም፤ እኔም ሞቄያለሁ።

"እንግዳችን ይህን ቆሻሻ እንዲያዩ ነው?" አሉ።

"ሰው ባሕር ላይ ሲቸገር መጠለያ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ።

"ውሃው እስከ ጉልበት ነው! እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ማን ይቸገራል? ጻፍ!"

ጻፍኩ። ይቅር ይበለኝ፣ አሳምሬ ጻፍኩ። "ከገጽታ ግንባታ አኳያ በተደረገ ጥልቅ ጥናት" ብዬ ጀምሬ፣ ባለቤቱ ጎጆውን እስከ ረቡዕ ንጋት አፍርሶ እንጨቱን እንዲያነሣ ብዬ ጨረስኩ። ሚስተር ዴልበርት ፈረሙ። ከሦስት መስመር ያለፈ ደብዳቤ ሳያነቡ መፈረም ልማዳቸው ነው። "ማንበብ ሠራተኛን አለማመን ነው" ይላሉ። እንዴት ያለ ትሕትና ነው!

ማክሰኞ ዶን ኤውላልዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

"ጌታዬ፣ ጎጆዬን አፈርሳለሁ። ግን ሐሙስ ላፍርሳት። ነገ የሰሜን ነፋስ ይመጣል። እሱ ሲነሣ ውሃውን ጠራርጎ ወደ ደቡብ ይነዳዋል፤ ሰላጤው ጭቃ ብቻ ይሆናል። ነገ የሚወጣ ሰው መጠጊያ ያስፈልገዋል።"

"ነፋሱ ማመልከቻ አስገብቷል?"

"ምን አሉ?"

"በነገው መርሐ ግብር ላይ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ረቡዕ ንጋት ብያለሁ፣ አንተ ሰውዬ!"

ዶን ኤውላልዮ እኔን አዩኝ። ዓይኔን ወደ ቃለ ጉባኤው ሰበርኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ዛሬም አልረሳሁትም።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ በጽሕፈት ቤቱ ትልቅ ጀልባ ወጣን፤ ሚስተር ዴልበርት፣ ሚስስ ታትልና፣ ቃለ ጉባኤ ልይዝ እኔ። ዳክዬዎቻችን በሰልፍ ተደረደሩ፤ እኛም እዚያው ጀልባዋ ላይ በሸምበቆ ተከልለን አደፈጥን። ሚስስ ታትል ሰልፉን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህ የየት አገር ዘዴ ነው?"

"የራሳችን ፈጠራ ነው" አሉ ሚስተር ዴልበርት፣ ኮራ ብለው።

ሰማዩ በዳክዬ ጠቆረ። ወደ እኛ ሲመጡ አለቃዬ ፊሽካውን ነፉ። መንጋው በአየር ላይ እንዳለ ተጠምዝዞ እግሬ አውጪኝ አለ። አንዲት ብቻ፣ ምናልባት ጆሮዋ የማይሰማ፣ ልታርፍ ዞረች። መሐል ላይ ባዶ ቦታ አጥታ ሄደች። ሚስተር ዴልበርት በንዴት ተኮሱ። ሊቀ መንበሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ከሥልጣኑ ተነሣ።

"ከልጅነትዎ ጀምረው ነው ያደኑት ያሉኝ?" አሉ ሚስስ ታትል።

በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ደረሰ። ዓሣ አጥማጆች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር እንጂ ከመሐሉ ሆኜ አይቼው አላውቅም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያ ሁሉ ውሃ የውሃ ሽታ ሆነ። ጀልባችን ጭቃ ላይ በጎኗ ጋደም አለች። ሁለት መቶ የሚሆኑ የእንጨት ዳክዬዎች ጭቃው ላይ፣ መስመራቸውን ሳይለቁ፣ በሚያስመሰግን ሥነ ሥርዓት ተገትረው ቀሩ። ከሁላችን ግዴታቸውን የተወጡት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሚስተር ዴልበርት ሊገፏት ወርደው እስከ ወገባቸው ሰመጡ፤ ጎትተን ስናወጣቸው አንድ ቦቲያቸው እዚያው ቀረ። ከንፈራቸው ጠቆረ፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር።

"ጎጆ!" አሉ በድንገት። "ጎጆ ነበረች! ወደ ጎጆዋ ውሰዱኝ!"

ተሸክመናቸው፣ እየወደቅን እየተነሣን፣ ዛጎል ክምሩ ጋ ደረስን። ያገኘነው አራት ቋሚና አንድ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ሚስስ ታትል ጮክ ብለው አነበቡት፦ "ለገጽታ ግንባታ ሲባል ተነሥቷል። ዴልበርት ክራምሊ፣ ኃላፊ።" ከዚያ ወደ እርሳቸው ዞሩ።

"ማን ነው ያስፈረሰው?"

"ኮ... ኮሚቴ" አሉ አለቃዬ እየተንቀጠቀጡ።

ያን ጊዜ ከክምሩ ጀርባ፣ እንጨት የተጫነባት ጠፍጣፋ ጀልባቸውን በገመድ እየጎተቱ፣ ዶን ኤውላልዮ ብቅ አሉ። ንጋት ላይ አፍርሰው ጨርሰዋል። መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም።

"ትመጣላችሁ ብዬ ነው የጠበቅሁት" አሉ። የሚስተር ዴልበርትን መንቀጥቀጥ አይተው ጀልባቸው ላይ ወደ ጫኑት እንጨት ዞሩ። የጎጆዋን ግድግዳ እየሰባበሩ እሳት አነደዱ። መጨረሻ ላይ በሯን አነሡ። በሯ ላይ ዶኛ ሬፉሂያ በቢላ የቀረጹት ዓሣ አለ። ትንሽ በእጃቸው ዳሰሱትና እሱንም ከተቱት። እኔ አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው ብዬ አላሳብብም። ጀልባዋ እንጨቱ ተራግፎላት ስትቀል ሦስታችንን ከክምሩ ጀርባ በቀረች ስስ ውሃ ላይ እየጎተቱ አወጡን።

ሰኞ ሚስስ ታትል ስለ ጎጆዋ የተጻፈው ሁሉ እንዲላክላቸው አዘዙ። ሚስተር ዴልበርት ጠሩኝ።

"ጥፋቱ የዚያ ሽማግሌ መሆን አለበት። ያለ ፈቃድ እሳት አንድዷል! ከበድ ያለ እርምጃ ጻፍበት። ረዘም አድርገው።"

"አረዝመዋለሁ፣ ጌታዬ።"

አራት ገጽ ጻፍኩ። "ጉዳዩ፦ ስለ ኤውላልዮ ካንቱ የተወሰደ እርምጃ።" ሦስት ገጽ ተኩል "በመሆኑም" እና "ከዚህም አንጻር" ሞላሁበት። አለቃዬ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት፣ ረኩ፣ ፈረሙ። "ቶሎ ላከው፤ ይማር!" አሉ።

ደብዳቤው ለግንባታ ክፍል ደረሰ፤ አናጺዎች ወጡ። በዚያው ሰሞን የሚስስ ታትል ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ለሚስተር ዴልበርት የደረሳቸው መቀስ ነው። ደብዳቤው በተፈረመ በሃያ አንደኛው ቀን ሪባን ሊቆርጡ፣ በማን ትእዛዝ እንደተሠራች ሳይጠይቁ፣ አዲሷ ጎጆ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ "ይህች ጎጆ የረጅም ዘመን ሕልሜ ነበረች" ብለው ንግግር አደረጉ። አጨበጨብን።

ዶን ኤውላልዮ አራቱን ገጽ መስተዋት አስገጥመው ከበሩ አጠገብ ሰቅለውታል። ሚስስ ታትል ተጠግተው አዩትና፣ "እንዴት ያለ ደብዳቤ ነው! ፊርማውም የእርስዎ ነው። እባክዎ፣ መጨረሻውን ያንብቡልን" አሉ።

ሚስተር ዴልበርት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የፈረሙትን ማንበብ ጀመሩ።

"ጽሕፈት ቤቱ ያለ አግባብ ያስፈረሰውን ጎጆ... በራሱ ሠራተኞች... ምድጃውን ጨምሮ መልሶ እንዲሠራ... ለባለቤቱም ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወስኗል።" ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። "ይህን ውሳኔ የፈረመው ኃላፊ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ካነበበ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ሊሽረው ይችላል።"

መቀሱን እንደያዙ ቀኑን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ጣታቸው አለቀ።

ከሰሜን በኩል ባርኔጣ የሚነጥቅ ነፋስ ተነሣ። ዶን ኤውላልዮ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው።

"ይግቡ፣ ጌታዬ፤ ይሙቁ" አሉ። "ነፋሱ ዛሬም ማመልከቻ አላስገባም።"