ነጭን በቁጥር የሚያምን ሰው

የገዛ ዓይኑን የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እንጅባራ ላይ ገጥሞኛል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ደሳለኝ ነጩን ነገር ነጭ ለማለት ኮምፒውተሩ ላይ ማውሱን አስጠግቶ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥሩን ያነባል። ሦስቱ እኩል ካልሆኑ፣ ወተትም ቢሆን ነጭ አይደለም!

አንድ ቀን በአንድ ሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ከዳሱ ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጡትን የሙሽሪትን እናት ነጠላ ለካ። ሰማያዊው በልጦ አገኘው፤ ከምስሉ ሁሉ ሰማያዊውን ቀነሰና ሦስቱን እኩል አደረገ። ነጠላው ጸዳ። ውጭ ፀሐይ ላይ የቆመችው ሙሽሪት ግን ቢጫ ሆነች።

እናትየው ቪዲዮውን ሊያዩ መጡ።

«ምነው ልጄን የወፍ በሽታ አስያዝሃት?»

«እማማ፣ ቁጥሩ እኮ ልክ ነው።»

«ታዲያ ልጄን የዳርኳት ለቁጥር ነው?»

ደሳለኝ ቁጥሩን ሊያነብ ማውሱን ወደ ሙሽራው ፊት ወሰደ።