የኳንተም መምህር ሚስት ሲያስጠይቅ

ሰው በተማረው ይኮራል ይባላል፤ አማት ፊት እስኪቀርብ ነው። ሐኪም ብትሆኑ ጎሽ ትባላላችሁ፣ ነጋዴ ብትሆኑ ሱቃችሁ ይታያል። መከራው የማይታይ ነገር ለሚያስተምር ሰው ነው።

ጓደኛዬ ዘላለም እንዲህ ያለው ሰው ነው። ከጎጃም መጥቶ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ትምህርቱም የኳንተም አልጎሪዝም፣ ማለትም ገና ተሠርቶ ላላለቀ ኮምፒውተር የሚዘጋጅ የስሌት ዘዴ ነው። በአቅራቢያው ያለችው የበዴሳ ከተማ ልጅ የሆነችውን ምሕረትን ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። በአካባቢው ዘመድ የለውምና እኔንና ሁለት መምህራንን ሽማግሌ አድርጎ ላከን።

አባቷ አቶ ዳልኬ የከብት ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ስንደርስ ክትፎው ከነክዳኑ ቀርቧል፤ እሺ ሳይባል ደግሞ ሽማግሌ እህል አይቀምስም።

«ልጁ ሥራው ምንድነው?» አሉ።

«ተራ ኮምፒውተር መልስ ሲፈልግ አንድ በአንድ ይሞክራል» አልኩ በኩራት። «የዘላለም ግን ሁሉንም በአንዴ ይይዛል። አንዱ ላይ የሚረጋው ሲያዩት ነው።»

አቶ ዳልኬ ፊታቸው ጠቆረ። «ካላዩት ሁሉንም ይይዛል? ለእንዲህ ዓይነት ሰው ልጅ አልሰጥም!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔም ለመልቀም ተሯሯጥኩ። «ጋሼ፣ መያዙ ብቻውን ከንቱ ነው! ጥበቡ የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እንዲጣፉ ማድረጉ ላይ ነው። ሁለት ሞገድ ተጋጭቶ ውሃው እንደሚተኛው ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ ያኔ ጎልቶ ይወጣል።»

አቶ ዳልኬ እንደ ወጉ ወደ ቤተ ዘመዱ ዞሩ። ትልቁ አጎት «አገሩ ሩቅ ነው፣ ይወስድብናል» አሉ። ታናሹ «የት ይሄዳል? ዘመድ የለውም፣ እኛው ላይ ይጎለታል እንጂ» አሉ። አክስቷ ዝምተኛ ነው ብለው ከሰሱት፤ የአክስቷ ባል ደግሞ በወሬው ሚኒባስ አስመልጦኛል አሉ። ወዲያው እኛን ረስተው በወላይትኛ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። እኔ ስለ ዘላለም እየጸለይኩ ዓይኔን ክዳኑ ላይ ተከልኩ።

አቶ ዳልኬ ድንገት ሳቁ። «በቃ፣ እንደ ሞገዱ ተጣፋችሁ! ማን ቀረ? ምሕረት ትምጣ።»

መጣች። «እኔ እፈልገዋለሁ፣ አባዬ» አለች። ክዳኑ ተነሳ።

ሶዶ ስልኩን ታቅፎ ለተቀመጠው ዘላለም ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። የሚያለቅስ መሰለኝና እኔም እንባዬ መጣ።

«ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ «አንድ እርማት አለኝ። የሚጣፉት መልሶቹ ራሳቸው ሳይሆኑ የመገኘት ዕድላቸውን የሚወስነው ሞገድ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ምሕረትን አንድዬ ያበርታት።