አንሳኝ ስትለኝ

ለሐበሻ ፎቶ አሳይታችሁ ታውቃላችሁ? አስተያየቱ አንድ ነው። «አሪፍ ነው» ይላችኋል። ይህን ሲል ጣቱ ቀድሞ ወደሚቀጥለው ፎቶ አልፏል። የሚቀጥለውም አሪፍ ነው። ደብዝዞ የወጣው አሪፍ ነው። የገዛ አውራ ጣታችሁ ግማሹን የሸፈነው ፎቶ፣ እሱም አሪፍ ነው። ምን ይደረግ? ይሉኝታ አለብን።

ይኼን በደንብ ያወቅሁት አትላንታ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግራችን እየዞርን ከተማውን ፎቶ የምናነሳ ጥቂት ሰዎች አለን። ባለሙያ የለብንም። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ እሠራለሁ። ሜሪ የምትባል እዚሁ ያደገች ልጅ አለች፤ ነርሲንግ ትማራለች። መሪያችን ጋሽ ተፈራ ናቸው። ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከተማውን ዕድሜያቸውን ሙሉ በመኪና መስኮት ነው ያዩት፤ አሁን ቆም ብለው ሊያዩት ፈለጉ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተፈራ ሕግ አወጡ። ከዛሬ ጀምሮ «አሪፍ ነው» ማለት ክልክል ነው አሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የወደደውን፣ አንድ ደግሞ ይስተካከል የሚለውን ይናገር፤ በጨዋ ደንብ፣ ሳይሰድብ። እንደዚያ ካልሆነ ማናችንም አንማርም። ንግግራቸው ሲያልቅ የራሳቸውን ፎቶ አወጡ።

ተሰብስበን አየነው። ህንጻው ወደ ግራ አዘንብሏል። የጋሽ ተፈራ ህንጻ ሁሌም ያዘነብላል። ግን ማን ይናገር? የአባቴ እኩያ ናቸው። እኔ ሰማዩን አደነቅሁ። ሰማዩን ስጨርስ ደመናውን አደነቅሁ። በመጨረሻ ሜሪ አላስቻላትም። «ጋሽ ተፌ፣ አክቹሊ ህንጻው ሊወድቅብን ነው» አለቻቸው።

ጋሽ ተፈራ ስልኩን ራቅ አደረጉት። ቀረብ አደረጉት። «ህንጻው ደህና ነው» አሉ። «ያዘነበልኩት እኔ ነኝ። ወገቤን ያመኛል።»

ሳቅን። ለካ ፎቶ ላይ አስተያየት ስትሰጡ የምትናገሩት ካሜራውን ስለያዘው ሰው ነው። እኔ ይኼ የገባኝ ያን ቀን ነው። የገባኝም ተራዬ ሊደርስ ሲል ነው።

የእኔን ፎቶዎች ልንገራችሁ። ከዝናብ በኋላ ባዶ ፓርኪንግ። ጉም የዋጠው ድልድይ። የሆቴል መስታወት ላይ የሚዋኝ ደመና። ጠዋት ከምኖርበት ከስቶን ማውንቴን ወደ ሥራ ስነዳ ከተማው ከሩቅ ተጀምሮ ያላለቀ ሕልም ይመስላል። ህንጻዎቹ እግር የላቸውም፤ ጉም ላይ ቆመዋል። ስቀርባቸው እግር ያወጣሉ። እኔ ደግሞ እግር ሳያወጡ ነው የምፈልጋቸው።

ሜሪ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ላይክ፣ አትላንታ ሰው አልቋል እንዴ?» አለች።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ባለቤቴ ማህሌት ባለፈው ዓመት ታማ አርፋለች፤ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን እንኳ አልተቆረጥኩም። ሐዘን ነው ብለው ማንም አይናገረኝም። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሜሪ «ሶሪ፣ ሶሪ» አለች።

እኔ አልከፋኝም። ለቅሶ ቤትም አስተያየቱ አንድ ነው እኮ። «በርታ» ይላችኋል። ይህን ሲል እጁ ትከሻችሁን ነካ አድርጎ አልፏል። የሚቀጥለውም በርታ ይላል። ክፋት የለበትም፤ ሌላ ምን ይበል? ግን ከዚያ ሁሉ በርታ በኋላ አንድ ሰው ፎቶህ ውስጥ ሰው የለም ሲለኝ፣ ሰው ያየኝ መሰለኝ።

ደግሞ እውነቷን ነው። ካሜራው የማህሌት ነበር። የገዛችው ልጃችን ሶልያና ስትወለድ፣ እሷን ላንሳበት ብላ ነው። እኔ ህንጻ አነሳበታለሁ።

«ሰው ከጠፋ፣ ማንገቻህን የያዘችውን አስገባት» አሉ ጋሽ ተፈራ።

የካሜራዬን ማንገቻ የያዘችው ሶልያና ናት። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ቅዳሜ የሚይዝልኝ ስለሌለ አብራኝ ትዞራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር እንደ እንግዳ ሆናለች። ወተት ስቀዳላት «ታንክ ዩ» ትላለች። ጫማዋን ሳስርላት «ታንክ ዩ»። ሰው ቤት ያረፈች ትመስላለች፤ ነገ ወደ ቤቷ የምትሄድ። ድሮ ሲደክማት እናቷ ላይ ነበር የምትወጣው። አሁን እቀፈኝ አትልም። እኔ ሳትጠይቀኝ ባቅፋት እንደ ጣውላ ትደርቃለች። ስለዚህ ራሷ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። መንገድ ላይም እጄን አትይዝም፤ ማንገቻውን ነው። ካሜራ ይዤ መውጣት የወደድኩት ለጥበቡ ብዬ እንዳይመስላችሁ። የምትይዘው ነገር እንዲኖራት ነው።

ከቡድኑ ውጪ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ አሉኝ። እትዬ አልማዝ ይባላሉ፤ የማህሌት አክስት ናቸው፤ ሎረንስቪል ይኖራሉ። ደህና መሆናችንን እንዲያውቁ ፎቶ እልክላቸዋለሁ። እትዬ አልማዝ ግን ፎቶ የሚባል ነገር አያውቁም። ለእሳቸው ወሬ ነው። ባዶውን ፓርኪንግ ስልክላቸው ወዲያው ደወሉ። «መኪናህን ቶው አድርገው ወሰዱብህ እንዴ?» ድልድዩን ላክሁ። «በዚህ ጉም ባትነዳ ምን አለበት?» ያን ደመናው የሚዋኝበትን፣ የምኮራበትን ፎቶ ላክሁ። «የማን ቤት ነው? ሊከራይ ነው?» አሉኝ። ለጋሽ ተፈራና ለሜሪ ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ።

ሶልያናን ፎቶ ውስጥ ላስገባት የወሰንኩበት ቅዳሜ መጋቢት ላይ ነበር። አትላንታ በመጋቢት ቢጫ ናት። ፖለን የሚሉት የዛፉ የአበባ ብናኝ መኪናውን፣ አግዳሚውን፣ የሰውን ጫማ ሳይቀር ያለብሰዋል። ከተማው ሁሉ መሳቢያ ውስጥ የተገኘ የድሮ ፎቶ ይመስላል። ደግሞ በዚህ ወር ዓይናችሁ ቢያለቅስ ማንም ምነው አይላችሁም። «ፖለን ነው» ብለው ሶፍት ያቀብሏችኋል። ለእኔ ቢጤ የተመቸ ወር ነው።

ብዙ ዞረን እኔ የማውቀው ባለ ፎቅ ፓርኪንግ አናት ላይ ወጣን። መኪና የለም። ወለሉ ቢጫ፣ ሰማዩ ነጭ። የሶልያና ትንንሽ ዱካ ከኋላችን ቀርቷል። ነፋሱ ሲነካው ዱካው ይጠፋል፤ ከሰማይ የወረደች ይመስል። እኔ ያን ሳይ ማንገቻው ላላ አለ። ሶልያና ለቃዋለች። ዞራ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ አንሳኝ» አለችኝ።

ራሷ ጠየቀችኝ! ካሜራውን አቀናሁና አነሳኋት።

«አንሳኝ» አለች ደግማ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ህንጻዎቹም ይግቡ ብዬ ነው። አነሳኋት። ይኼኔ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እንዴት ያለ ፖዝ!

«ዝቅ በል! ዝቅ ብለህ አንሳት!» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ የራሳቸውን ወገብ ይዘው።

«ዌይት፣ ላይቱ ከኋላዋ ይሁን!» ትላለች ሜሪ።

ተንበረከክሁ። ከዚያ ተኛሁ። ሸሚዜ ቢጫ ሆነ። ልጄ እጆቿን ዘርግታ ከከተማው በላይ ቆማለች፤ ህንጻዎቹ ከጉልበቷ በታች። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ሶልያና እጆቿን አወረደች። «ኦኬ። ታንክ ዩ» አለች። መጥታ ማንገቻውን ያዘች።

ቤት ደርሼ ፎቶውን ለቡድኑ ላክሁ። ጋሽ ተፈራ በሕጉ መሠረት ጻፉ። የወደድኩት፦ ሰው አለበት። ይስተካከል የምለው፦ አጣሁ። ሜሪ ደግሞ ሳታስበው «አሪፍ ነው» ብላ ጽፋ አጠፋችው። ኩራት ተሰማኝ። ለእትዬ አልማዝም ላክሁ። ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ አንሳኝ እያለችህ ምን ይገትርሃል?»

«እትዬ፣ እያነሳኋት እኮ ነው።»

«የታለ ያነሳሃት? መሬት አይደል እንዴ የቆመችው? እጇን ዘርግታ! ደክሟት!»

ፎቶውን መልሼ አየሁት። ሶልያና እዚህ የተወለደች ልጅ ናት። ፎቶ ስትፈልግ «ፒክቸር አድርገኝ» ነው የምትለው። «አንሺኝ» የምትለው እናቷን ነበር። ስትላት ማህሌት ከመሬት ታነሳታለች፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ያ ቃል ዛሬ ወደ እኔ መጣ። ስንት ጠብቄው መጣ። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ህንጻ አስገባሁበት።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ሶልያና ምንጣፉ ላይ አሻንጉሊቶቿን ታስተኛለች። ሄጄ ተንበረከክሁ።

«ሶልዬ፣ ነይ ላንሳሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አሻንጉሊቷን አስቀመጠች። ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። ከዚያ ጥርሶቿን ሁሉ አሳይታ «ቺዝ» አለች።

ከማን ተማረችው? ከእኔ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት።

እጆቼን አሳየኋት። ሁለቱም ባዶ ናቸው። «ካሜራ የለም» አልኳት። እጆቼን አየች። ከኋላዬ አየች። ያ የፎቶ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ክንዶቿ ወደ ላይ ተዘረጉ።

አነሳኋት። እንደ ጣውላ አልደረቀችም። ከብዳለች። ልጅ ማንም ሳይሸከመውም ያድጋል ለካ። አገጯን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ታንክ ዩ አላለችኝም።

መስኮቱ ተከፍቶ ነበር መሰለኝ፤ ፖለን ገባ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ዳውንታውን ስንገናኝ ሶልያና ትከሻዬ ላይ ናት። ካሜራው እሷ አንገት ላይ ነው። ሁለቱ እጆቼ እግሮቿን ይዘዋል። ከብዙ መንገድ በኋላ ጋሽ ተፈራ ዞረው አዩኝ።

«ዛሬ ምንም አላነሳህም እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ እያነሳሁ ነው። ትከሻዬ ሊገነጠል ነው።»

ፎቶ ያነሳችውስ ሶልያና ናት። ህንጻዎቿ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ጋሽ ተፈራ አራቁት፣ አቀረቡት፣ አንድም የሚስተካከል አላገኙበትም። ሜሪ ግን ሕግ ሕግ ነው አለች። ግማሹን ፎቶ የሸፈነው ይኼ ጥቁር ነገር ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ተያየን። የእኔ ፀጉር ነው። ማንም ምንም አላለም፤ ይሉኝታ ነዋ።

አንዱን ለእትዬ አልማዝ ላክሁላቸው። እሳቸው ለማህሌት ዛሬም ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። ወዲያው ደወሉ።

«አሁን ይበቃል» አሉኝ። «ፀጉርህን ተቆረጥ። ልጅቷ ከተማውን እንድታይ።»

ሰኞ ተቆረጥኩ። ሥራ ስገባ ያየኝ ሁሉ «አሪፍ ነው» አለኝ።