የረዲ አፈሙዝና የአማቱ ቅቤ

ወኮነ በሰባተኛው ዓመተ መፍቻ፣ ይህም ጥበበኛው ረዲ፣ የሮቤ ቧንቧ ሁሉ ሐኪም፣ የአዴ ረቢያ ልጅ ባል፣ መፍቻ በጨበጠ በሰባተኛው፣ ኮት ጠባቂ ሆኖ በተዋረደ በዓመቱ፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ ኮምባይነሩ ስንዴውን አጭዶ ሳይጨርስ ነው።

የውርደቱም ነገር እንዲህ ነበረ። በዲንሾ ሜዳ በታመቀ አየር የቀለም ጥይት የሚተፉ ጠመንጃዎች አሉ፤ ልብስ ያበላሻሉ እንጂ ነፍስ አያጠፉም። ሮቤና ጎባ በየዓመቱ አራት አራት ሆነው ይገጥሙባቸዋል፤ ደህናዎቹ ግን ሰባት ብቻ ናቸውና፣ አምና ረዲ ባዶ እጁን ቀርቶ የሰባት ሰው ኮት ታቅፎ ዋለ። ዘንድሮም የጎባው አለቃ ገዛኸኝ፣ ባለ ነጭ ሹራቡ፣ አፉ ከእጁ የሚቀድመው፣ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦

«የሮቤ ሰው ስማ! አራቱን ጠመንጃ ጎባ ይዟል። ያ ኮት መስቀያችሁ እንዳይቀር አደራ፤ ዘንድሮ ኮቴ አዲስ ነው!»

ረዲም ይህን በሰማ ጊዜ እህል አልቀመሰም። ቀምሷል፣ ግን ትንሽ ነው። ከሜዳው ባለቤትም ሁለት የተጣሉ ጠመንጃዎች ለምኖ አመጣ፤ የአንዱ ገላው ደህና ሆኖ አፈሙዙ የተሰነጠቀ፣ የሌላው አፈሙዙ ደህና ሆኖ ገላው የተፈረከሰ። ደህናውን ከደህናው ሊያጋባ ቢል፣ ዘራቸው ለየቅል ነውና የአፈሙዙ አንገት ጸጉር ያህል ወፍሮ አልገባ አለ። ስለዚህ ከአማቱ ጓዳ የቢላ ሞረድ አንሥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ሞረደ፤ በሦስተኛውም ቀን አብዝቶ ሞረደና እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። ያን ጊዜ ነጩን የቧንቧ ቴፍሎን ጠመጠመበት፣ ከባጃጅ ካላማዳሪም የጎማ ቀለበት ቆርጦ አጠለቀበት፤ እነሆ አሁን ደግሞ ጠበቀ።

አዴ ረቢያም፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ፊደል የቆጠሩትን ግን የሚቆጥሩ፣ ከመደባቸው ሳይነሡ አወጁ፦

«አልገባም ያለ ሁሉ በቅቤ ይገባል። ቀባው!»

ለአማት እምቢ አይባልም። ረዲ አንገቱን ደፍቶ ቀባው፤ አፈሙዙም ሰተት ብሎ ገባ። እርሱም ለመንገድ ፈትቶ ያዘው።

በቅዳሜ ማለዳ የተከተሉት እነዚህ ናቸው፦ ዘይነዲን ዘባጃጅ፣ ፍስሐ ዘጸጉር ቤት፣ ቀመር ዘሲሚንቶ፤ በሚኒባሱም የፊት ወንበር፣ ማንም ሳይጋብዛቸው፣ አዴ ረቢያ። ዲንሾ ሲደርሱ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነበር፤ ቅቤውም እንደ ሻማ ረግቶ፣ አፈሙዙ አንገቱ ላይ ሲደርስ አልንቀሳቀስ አለ። ገዛኸኝም አዲስ ኮቱን አውልቆ በረዲ ትከሻ ላይ ጣለ፤ ሦስቱ ጎባዎችም በላዩ ደረቡ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የረዲ ዓይን መሬት መሬት አየ።

አዴ ረቢያ ግን ከሚኒባሱ መስኮት አወጁ፦

«ቅቤዬ ምንም አልሆነም! የቀዘቀዘው ሰውየው ነው! ልጄን የዳርኩት ለኮት መስቀያ አይደለም፤ በብብትህ ያዘው!»

ረዲም አፈሙዙን በብብቱ ከትቶ፣ አራቱን የጎባ ኮት እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ ሁለት ረከዓ የሚሰገድበትን ያህል ቆመ፤ ጓዶቹም «ጀባዱ! በርታ!» እያሉ ከበቡት። ብብቱ ሞቀ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ የቀለጠውም በገዛኸኝ ኮት ገበር ውስጥ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አፈሙዙም ቀጭ ብሎ ገባ።

በመጀመሪያይቱም ጥይት የገዛኸኝ ነጭ ሹራብ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ሆነ። የተመታ ከሜዳ ይወጣ ዘንድ ደንብ ነውና፣ ገዛኸኝ ወጥቶ፣ የራሱን ጨምሮ፣ የስምንት ሰው ኮት ታቀፈ። በመጨረሻ ጎባ አሸነፈ ይላሉ፤ ይበሉ።

ምስጋና ለረዲ ይሁን፣ ጸጉር ያህሉን ለሞረደ፣ የተጣላውን ብረት ላስታረቀ፣ የጠላቱን ኮት ምድጃው ላደረገ፤ ስሙም ከገሰራ እስከ ጊኒር ይጠራ። ይህን ሐሰት ነው የሚል ቢኖር ጎባ ገበያ ይውረድና ገዛኸኝን ይይ፤ ያን ኮት በለበሰ ቁጥር የሚከተሉት ውሾች ምስክር ናቸው።