የቆጮው መጣያ ቀን

እኛ ያለንበት የአረጋውያን ማዕከል ወጥ ቤት፣ የተወለደበት ቀን ያልታወቀ ምግብ አያስገባም። እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም፤ ምግብ ብሆን ኖሮ ከበር ይመልሱኝ ነበር።

ወጥ ቤቱን የምትመራው ሲስተር ምሕረት ናት። ፍሪጅ የሚገባ ሁሉ ወረቀት ይለጠፍበታል፦ የተሠራበት ቀን፣ የሚጣልበት ቀን። ልክ ናት። የኛ ሆድ እንደ ድሮው አይደለም። ያደረ ወጥ አንዳችንን ቢያሳምም አምቡላንሱ ሀይሌ ጋርመንት ላይ መንገድ ተዘግቶበት ይቀራል። ፊደል ባልቆጥርም ወረቀቱን አከብራለሁ።

ታዲያ ይህ የተከበረ ወረቀት አንድ ቀን ቆጮ ገጠመው።

የአልጋ ጎረቤቴ ሸምሱ ከታመመ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎት ከስቷል። የሚያምረው ያገሩ ቆጮ ብቻ ነው። ልጁ ከቡታጅራ ይዛለት መጣች፤ ያልተጋገረ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ። ሽታው ከእሷ ቀድሞ ደረሰ።

ሲስተር እስክሪብቶ አውጥታ መቼ እንደተሠራ ጠየቀች። ልጅቷም ዓምና እንዲብላላ ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀበረ ነገረቻት። እስክሪብቶው ቆመ። በደንቡ ሦስት ቀን ሲጨመርበት ቆጮው ዓምና መጣል ነበረበት። ዓምና መጣል የነበረበት ምግብ ዘንድሮ እንዴት ፍሪጅ ይገባል? ይሄ የወጥ ቤት ሳይሆን የሰበር ሰሚ ችሎት ጉዳይ ነው።

ሸምሱ ተቆጣ። ቆጮ ሲቆይ ነው የሚጥመው፣ እሱ ከተመለሰ እኔም ምግብ የሚባል አልቀምስም አለ። ሲስተርንም ከተማ ያበላሸሽ ልጅ ብሎ ወረፋት። ሲስተር ወላይታ እንዳደገች የነገረችን ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ እኔማ አውቀዋለሁ» አለችው። «የማያውቀው ወረቀቱ ነው።»

ኋላ መላ ዘየደች። ያልተጋገረው ከሌላው ምግብ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የተጋገረው ግን እንደማንኛውም ምግብ ሦስት ቀን፣ ከዚያ አንድም ጉርሻ አያልፍም። የተሠራበት ቀን ላይ «ዓምና» እያለች ጻፈች። የሚጣልበት ላይ ስትደርስ ሸምሱን ቀና ብላ አየችው።

«ከሸምሱ በኋላ በይው» አላት።

ሳቀች። ጻፈችውም መሰለኝ፤ እጇ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

የዚያን ቀን ሸምሱ በላ። በማግስቱ ጨምሩልኝ አለ። ሳምንት ሳይሞላ ከእሱ በኋላ ይጣላል የተባለው ቆጮ ተጠናቀቀ። ሸምሱ ስልክ አስደወለና ልጁን ወቀሳት።

«ይሄኛው አልበረከተም። ከዓምናው ቀደም ያለ አምጪልኝ።»